መምህር ኤስድሮስ፤ ከጉባኤ ወደ ሱባዔ፣ ከሱባዔ ወደ ጉባኤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ተሰብስበን ቃለ እግዚአብሔርን ስንሰማ፣ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ተርጕሞ ጥቂት ያርፍና «አንድም» ብሎ ሌላውን ምሥጢር ይቀጥላል። እኛም ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ለመድነው ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንዳቆየልን፣ በምን ያህል ድካም እንደ ተገኘ አንጠይቅም። ውኃውን ጠጥተን ምንጩን ሳናይ እንደምንሄድ መንገደኞች ነን።

ከዚህ ምንጭ አጠገብ ስማቸው ተጽፎ ከሚገኝ አባቶች አንዱ የ18ኛው ምእተ ዓመት የጎንደር ሊቅ መምህር ኤስድሮስ ናቸው። ስማቸው በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ቤት ሁሉ በአክብሮት ይጠራል፤ ከጉባኤ ቤት ውጭ ግን እምብዛም አይታወቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሊቃውንቱ እየተቀባበሉ ያቆዩልንን ታሪካቸውን እንተርካለን። በተለይም አንድ ነገር እንድናስተውል እንወድዳለን፤ ይኸውም ብዙ የተማሩት እኒህ አባት በትምህርታቸው ላይ ሳሉ ስለ ምን ወደ ጸሎት እንደ ሄዱ፣ ተመልሰውም ምን እንዳተረፉልን ነው። ምክንያቱም በዚህ ዘመን ነፍስን ስለ መምራት የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ መልሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ ብለን እናምናለን።

ጎንደር በመምህሩ ዘመን

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላ ከተማዪቱ ሁለት ዓይነት ሕንፃ ታነጸባት። አንዱ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሚያየው የነገሥታቱ ግንብ ነው፤ ሁለተኛው በዓይን የማይታየው የሊቃውንቱ ጉባኤ ነው። ነገሥታቱ እየተተካኩ አብያተ ክርስቲያናትን አነጹ። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሠሩ፤ አርባ አራቱ ታቦታት ተብሎ የሚነገርላትም ከዚህ የተነሣ ነው። ለየደብሩ ካህናትና መምህራን የሪም መሬት ተሰጣቸው፤ ስለዚህም ንባቡ፣ ዜማው፣ አቋቋሙ፣ ቅኔውና ትርጓሜው በአንዲት ከተማ ተሰበሰበ። እስከ ዛሬም የጎንደር በዓታ የአቋቋም ማስመስከሪያ ሆኖ መኖሩ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው።

ይህ መሰብሰብ ያለ ምክንያት አልነበረም። በ16ኛው ምእተ ዓመት በግራኝ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሊቃውንትም አልቀዋል። የጣና ደሴቶች ገዳማት ግን በውኃ ተከብበው ብዙ መጻሕፍትን አትርፈዋል። ከዚያም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ደም ፈሰሰ። ግእዝም የመጽሐፍና የቅዳሴ ቋንቋ ሆኖ ሲቀር ሕዝቡ የሚነጋገረው በአማርኛ ነበር። እንግዲህ የተረፈውን መጽሐፍ አንብቦ ምሥጢሩን በሚሰማው ቋንቋ የሚተረጕምለት መምህር ያስፈልግ ነበር። በጎንደር የጸናው የግእዝ ንባብ፣ የአማርኛ ትርጓሜና ሐተታ የተባበሩበት ትምህርት ለዚህ ፍላጎት የተሰጠ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ሊቃውንት የበዙባት ከተማ ክርክርም የበዛባት ሆነች። ስለ ነገረ ሥጋዌ በተነሣው ልዩነት በየዘመነ መንግሥቱ ጉባኤ ይቆም ነበር፤ አንዱ ወገን ሲረታ ሌላው ይሰደድ ነበር። ይህ ክርክር በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ ቤተ ክርስቲያንን ሲያውክ ኖሯል። በዚህ ላይ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ ከተገደሉ በኋላ ዘመነ መሳፍንት ገባ፤ የነገሥታቱም ሥልጣን ተዳከመ። እውቀት ለመርታት መሣሪያ ሲሆን፣ ቃሉም ለክርክር እንጂ ለንስሐ መነሣቱ ሲቀር፣ የሊቅ ልብ ምን ያህል እንደሚያዝን ልናስብ እንችላለን። መምህር ኤስድሮስ የኖሩት በዚህ ምእተ ዓመት፣ በዚህች ከተማ ነው።

ወደ መጽሐፍ ቤት የሚያደርሰው መንገድ

የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቅ ለመሆን ምን ያህል ዘመን እንደሚፈጅ የማያውቅ ሰው የመምህሩን ኑሮ አያስተውለውም። ልጁ በመጀመሪያ ከፊደል ጀምሮ ንባብ ይማራል፤ ዳዊት ይደግማል። ቀጥሎ ዜማውን፣ ቅዳሴውን ወይም አቋቋሙን እንደ ዝንባሌው ይከተላል። ከዚያ ቅኔ ቤት ይገባል፤ በዚያም ሰዋስውን፣ ሰምና ወርቅን ለይቶ ማየትን ይለማመዳል። ቅኔ ያልገባው ሰው ወደ ትርጓሜ አይገባም፤ ከቃሉ ውጭ ያለውን እንጂ በውስጡ የተሰወረውን አያይምና። እነዚህን ሁሉ ጨርሶ ወደ መጽሐፍ ቤት የሚደርሰው ተማሪ ጎልማሳ ሆኖ ነው። ዛሬ በዘመናዊው አነጋገር የድኅረ ምረቃ ትምህርት የምንለው በአብነቱ ሥርዓት ይህ ነው።

ተማሪው ይህን ሁሉ የሚያልፈው በችግር ነው። ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከወገራና ከሰሜን ተራሮች ሥር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ወደ ጎንደር የሚወርደውን የቆሎ ተማሪ የሀገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በየደጁ ቆሞ በእመ አምላክ ስም ይለምናል፤ ውሻ ይናከሰዋል፤ ያገኘውን የገብስ ቆሎና የደረቀ እንጀራ ወደ ጎጆው ይዞ ይመለሳል። ሌሊት በደጋው ብርድ ተነሥቶ ቀን የሰማውን ይቀጽላል። መምህሩ የሚያስተምሩት በቃል ነውና የሰማውን በልቡ ካልያዘ ነገ የሚመለስበት ጽሑፍ የለውም። አባቶቻችን ይህን መከራ እንዲሁ አላዩትም። ረሃቡ ጾምን፣ ልመናው ትሕትናን፣ ሌሊቱ ትጋትን ያስተምራል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ አእምሮውን ሲያሰፋ ኑሮው ደግሞ ሰብእናውን ይቀርጸዋል።

መጽሐፍ ቤት ራሱ በአራት ጉባኤያት ይከፈላል። የመጀመሪያው የብሉያት፣ ሁለተኛው የሐዲሳት፣ ሦስተኛው የሊቃውንት፣ አራተኛው የመነኮሳት ጉባኤ ነው። በሊቃውንት ጉባኤ ሃይማኖተ አበው፣ ቄርሎስና የዮሐንስ አፈወርቅ መጻሕፍት ይተረጐማሉ፤ ፍትሐ ነገሥትና ባሕረ ሐሳብም ከዚያው ይቈጠራሉ። በመነኮሳት ጉባኤ ደግሞ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይተረጐማሉ። በአንዱ ጉባኤ ብቻ ዓመታት ያልፋሉ። አራቱን የፈጸመ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባላል፤ በአራቱም በኩል የሚያይ ነውና።

ጥያቄ ያነሣው ልብ

መምህር ኤስድሮስ ትርጓሜን የተማሩት ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት የጎንደር መምህራን ነው። ይህ ነባሩ ትርጓሜ በኋላ ዘመን «ላይ ቤት» የተባለው ነው። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት መምህሩ የተማሩትን አጣርተው የሚያውቁ፣ በማስተዋላቸውም የተመሰገኑ ነበሩ። ነገር ግን በቃል የሚተላለፍ ትምህርት ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሻገር ይለያያል፤ አንዱ ያስፋፋውን ሌላው ያሳጥረዋል፤ አንዱ ምሳሌ ሲል ሌላው ታሪክ ይለዋል። የዘመኑም ክርክር በዚህ ላይ ተጨመረ። ስለዚህ በመምህሩ ልብ ታላቅ ጥያቄ ተነሣ፤ ከተቀበልነው ሁሉ የቀናው የትኛው ነው? የትኛው ከሐዋርያትና ከሠለስቱ ምእት ሃይማኖት ጋር ይስማማል? የትኛውስ ከሰው ልማድ የተጨመረ ነው?

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለተነሣበት ሊቅ በጎንደር ከተማ የሚታወቅ መንገድ ነበር። ጉባኤ አስጠርቶ፣ ደጋፊ አሰባስቦ፣ በነገሥታቱ ፊት ተከራክሮ መርታት ይቻል ነበር። ያ መንገድ ክብርም ሹመትም ያስገኝ ነበር። መምህር ኤስድሮስ ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ትውፊቱ እንደሚነግረን ከተማውን ትተው ከጎንደር በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ጣና ባሕር ወረዱ፤ በደሴት ገብተው ሱባዔ ያዙ። ለረጅም ጊዜም በጾምና በጸሎት ተወስነው፣ መጻሕፍትን እየመረመሩ፣ ምሥጢሩን እንዲገልጥላቸው እግዚአብሔርን ሲማጸኑ ቆዩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወደ ደሴቱ የገቡት አላዋቂ ሆነው አይደለም፤ ብዙ ዓመት የተማሩትን ይዘው ነው። መጻሕፍቱንም አልጣሏቸውም፤ በጸሎት ውስጥ ሆነው አነበቧቸው። በከተማው ያልተገኘው መልስ በደሴቱ የተገኘው ሌላ መጽሐፍ ስለ ተገኘ ሳይሆን አንባቢው ስለ ተለወጠ ነው። ሊቅ ሆኖ ሳለ እንደ ገና ተማሪ መሆን፣ የሚጠይቁት ሲበዙ ጠያቂ ሆኖ በእግዚአብሔር ፊት መቆም ከባድ ነው። ትምህርት የሰጠውን ክብር ለእግዚአብሔር መልሶ መስጠት ማለት ይህ ነውና።

የገዳሙን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጣና ደሴቶች ታንኳው ተመልሶ ከሄደ በኋላ የሚቀረው የውኃው ድምፅና የማኅሌቱ ሰዓት ነው። የሚያመሰግን ተማሪ፣ የሚቃወም ባላጋራ የለም። ሰው ከራሱ ጋር፣ ከአምላኩም ጋር ብቻውን ይቀራል። በዚያ ቦታ ለመርታት ተብሎ የተያዘ ትርጓሜ ይረግፋል፤ ለመዳን የሚጠቅመው ይጸናል።

ታች ቤት

መምህር ኤስድሮስ በደሴቱ አልቀሩም። በጸሎት ያጣሩትን ትርጓሜ ይዘው ተመልሰው ጉባኤ ዘረጉ። ከዚህ ጉባኤ የወጣው የትርጓሜ ስልት «ታች ቤት» ተባለ፤ ነባሩም «ላይ ቤት» ተባለ። ስሙ ጉባኤያቱ ከነበሩበት ሥፍራ፣ ከጎንደር ላይኛውና ታችኛው ክፍል እንደ ወጣ ይነገራል። ሁለቱ ቤቶች በሃይማኖት የተለያዩ አይደሉም፤ በአተረጓጐም ስልትና በሐተታው አወራረድ ግን ይለያያሉ። ከጊዜ በኋላ የታች ቤቱ በብዙ ቦታ ተስፋፋ፤ ዛሬ በአብዛኛው ጉባኤ ቤት የሚሰማው፣ ታትሞም በእጃችን የገባው በብዛት የታች ቤቱ ትርጓሜ ነው።

የዚህ ትርጓሜ አካሄድ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የግእዙ ንባብ ይሰማል። ቀጥሎ ቃሉ በአማርኛ ይፈታል። ከዚያ ሐተታው ይመጣል፤ ማን ለማን ተናገረው፣ ስለ ምን ተናገረው፣ ከሌላው መጽሐፍ ጋር እንዴት ይስማማል ተብሎ ይመረመራል። ምሥጢሩን የሚያስረዳ ታሪክ ካለ ይነገራል። ኃይለ ቃሉ ሁለት ወይም ሦስት ምሥጢር ሲኖረው «አንድም» እየተባለ ይቀጥላል። የመጨረሻው ሚዛን ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም የቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት ነው።

ለምሳሌ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያገኙትን ሰው ታሪክ እናስታውስ። በመጀመሪያው ንባብ ለቆሰለ ባልንጀራ ስለ መራራት የተነገረ ትምህርት ነው። አንድም፣ ያ ሰው አዳም ነው፤ ከገነት ወደዚህ ዓለም የወረደ፣ በአጋንንት የቆሰለ። ደጉ ሳምራዊ ጌታችን ነው፤ የእንግዶች ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ሁለተኛው ምሥጢር የመጀመሪያውን አያፈርሰውም። ጌታ እኛን እንዳነሣን ያወቀ ሰው የቆሰለውን ባልንጀራውን ትቶ ማለፍ አይቻለውምና፣ እንዲያውም ያጸናዋል።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ምን ዓይነት ልብ ይኖረዋል? ቃልን በችኰላ አይዘጋም። አንድ ነገር ሰምቶ ሌላም ምሥጢር ሊኖረው ይችላል ብሎ ይታገሣል። የራሱን ብቻ እውነት አድርጎ አይታበይም፤ አባቶች ያሉትን አስቀድሞ ይጠይቃል። ይህ ልብ መጽሐፍን ለመተርጐም ብቻ ሳይሆን ሰውን ለመስማትም የሚያስፈልግ ልብ ነው።

ነፍስን የመምራት ትምህርት

ከአራቱ ጉባኤያት በመጨረሻ የሚጠራው የመነኮሳት ጉባኤ መሆኑን ልብ እንበል። ማር ይስሐቅ የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ሳለ ሹመቱን ትቶ ወደ በረሓ የተመለሰ የ7ኛው ምእተ ዓመት አባት ነው፤ ስለ አርምሞ፣ ስለ እንባና ስለ ርኅራኄ አስተምሯል። ፊልክስዩስ የግብፅ በረሓ አባቶችን ነገር በጥያቄና በመልስ የሚተነትን ነው። አረጋዊ መንፈሳዊ ደግሞ የአንድ ሶርያዊ መነኩሴ የጸሎት ትምህርት ነው። እነዚህ መጻሕፍት ከሩቅ ሀገር ተነሥተው በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ የተሻገሩ ናቸው። በጎንደር ጉባኤ ግን እንደ እንግዳ አልታዩም፤ እንደ ብሉይና እንደ ሐዲስ ሁሉ ንባባቸው ተሰምቶ በአማርኛ ተተርጕመዋል።

ሊቃውንቱ ከእነዚህ መጻሕፍት የሰውን መንፈሳዊ ዕድገት በሦስት ክፍል ያስተምራሉ፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። በእነዚህም ውስጥ ዐሥር መዓርጋት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ናቸው። ጽማዌ ከዓለም ሁከት መለየትና ዝም ማለት ነው፤ ልባዌ ማስተዋል ነው፤ ጣዕመ ዝማሬ ጸሎቱና ምስጋናው ለአፍ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለነፍስ መጣፈጡ ነው። ከዚህ በኋላ አንብዕ፣ ማለትም እንባ ይከተላል፤ ቀጥሎም ሥጋን ለነፍስ ማስገዛትና ፍቅር ይመጣሉ። እንዲህ እያለ ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ንጽሐ ልቡና ይወጣል።

በዚህ መሰላል የመምህር ኤስድሮስን ታሪክ ብንመለከተው ነገሩ ይገለጥልናል። ወደ ጣና መውረዳቸው ጽማዌ ነበር፤ በዚያ መጻሕፍትን መመርመራቸው ልባዌ ነበር። ተመልሰው ሲያስተምሩ ከአንደበታቸው የወጣው በልባቸው የቀመሱት ነበር። በመጽሐፍ የተማሩትን መዓርግ በሕይወት ስለ ጀመሩት ጉባኤያቸው ብዙ ዘመን ጸና።

ነፍስን የመምራት አገልግሎትም መሠረቱ ይህ ነው። የነፍስ አባት ሥራ ኃጢአትን ሰምቶ ቀኖና መስጠት ብቻ አይደለም። ልጁ በየትኛው መዓርግ እንዳለ ማወቅ፣ ያልደረሰበትን ሸክም አለመጫን፣ የደረሰበትንም እንዳይንቅ ማበርታት ነው። ጀማሪውን እንደ ባሕታዊ ቢያስጾመው ይሰብረዋል፤ የበረታውን እንደ ጀማሪ ቢይዘው ያቀዘቅዘዋል። «አንድም» ማለትን የለመደ አባት የንስሐ ልጁን በአንድ ውድቀቱ ብቻ አይተረጕመውም። ቁጣው ከትዕቢት ነው፤ አንድም ከድካም ነው፤ አንድም ከረጅም ኀዘን ነው ብሎ ይመረምራል፤ መድኃኒቱንም እንደ ሕመሙ ይሰጣል።

ከእሳት የተረፈ ትምህርት

ከመምህር ኤስድሮስ በኋላ ጎንደር ብዙ መከራ አየች። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዪቱን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ ብዙ መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ሀገር ተጋዙ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግዚአብሔር ቸርነት ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። ብራናው ተቃጠለ፤ የተረፈውም ተሰደደ። ትርጓሜው ግን አልጠፋም። በመምህራኑና በደቀ መዛሙርቱ ልብ ነበረና እሳት አላገኘውም፤ ወራሪም ጭኖ አልወሰደውም። ከጎንደር የተበተኑት መምህራን በየደረሱበት ጉባኤ ዘርግተው አስተማሩት።

በ1916 ዓ.ም. የአራቱ ወንጌላት ትርጓሜ በአዲስ አበባ ታተመ፤ በዚያው ዓመት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ንባብ ከነትርጓሜው በድሬዳዋ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት፣ መዝሙረ ዳዊት፣ መጻሕፍተ መነኮሳትና ሌሎችም ታትመው በየቤታችን ገቡ። በደበሎ ለባሹ ተማሪ ልብ ሲሸጋገር የኖረው ቃል ዛሬ በመደርደሪያችን ላይ ተቀምጦ ይገኛል። እንግዲህ የመምህር ኤስድሮስ ሐውልታቸው ይህ ነው።

እኛስ?

በዚህ ዘመን በምዕራቡ ዓለም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች መንፈሳዊ ሕይወትን ስለ መቅረጽና ነፍስን ስለ መምራት በማስትሬትና በዶክትሬት ደረጃ ያስተምራሉ። ብዙዎቹም እንዲህ ያለ ትምህርት ያስፈለጋቸው የነገረ መለኮት ጥናቱ ከጸሎት ሕይወት እየተለየ ስለ ሄደ ነው። በሀገራችንም የአዲስ አበባውን ቅድስት ሥላሴ የመሳሰሉ መንፈሳውያን ተቋማት በድኅረ ምረቃ ደረጃ ያስተምራሉ፤ ልጆቻችን በዚህ መማራቸው የሚያስደስት ነው። አባቶቻችን ግን ሁለቱን ከመጀመሪያውም አልለያዩአቸውም። በጎንደር ጉባኤ ሃይማኖተ አበውን የተማረ ያው ተማሪ ማር ይስሐቅን ይማራል፤ የሚማረውም ጎጆው ውስጥ እየጾመ ነው። ስለዚህ ዲግሪ የያዘው ወንድማችን የጉባኤ ቤቱን መምህር ቢጠይቅ፣ የጉባኤ ቤቱም መምህር ከዘመናዊው ትምህርት የሚጠቅመውን ቢወስድ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ሥጋት አለን። ዛሬ ጥቂት መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ሊያስተምር፣ ጥቂት የተመሰገነም ሁሉ ነፍስን ሊመራ ይቸኩላል። ተከታይ የበዛለት እንደ ሊቅ ይታያል፤ በክርክር የረታም ትክክለኛ ይመስለናል። ምእመናንም የነፍስ አባት ስንፈልግ የሚያደንቁንን እንጂ የሚያርሙንን አንመርጥም። አንዳንዶቻችን ደግሞ የንስሐ አባት አለን እንላለን፤ የምናገኛቸው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሰላምታ ያህል ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ነፍሳችን ብትታመም ማን ያውቅላታል?

መምህር ኤስድሮስ በዚህ ላይ ያስተምሩናል። ለሚያስተምር ሰው ጥያቄ ሲነሣበት አስቀድሞ ወደ አደባባይ መውጣት እንዳይገባው፣ ወደ ጸሎት መግባት እንደሚገባው አሳይተዋል። ለሚማር ሰው ደግሞ እውቀት ብቻውን ፍጻሜ እንዳልሆነ፣ ሱባዔም ብቻውን ለራስ እንዳልተሰጠ አሳይተዋል፤ የተቀበሉትን ይዘው ወደ ጉባኤው ተመልሰዋልና። ሁላችን ወደ ደሴት መግባት አይቻለንም። ነገር ግን በቀን ውስጥ ስልካችንን ዘግተን ዝም የምንልበት ጥቂት ሰዓት ጽማዌያችን ሊሆን ይችላል። ከታተሙት ትርጓሜያት አንዱን ምዕራፍ በማስተዋል ማንበብ ልባዌያችን ሊሆን ይችላል። በመጪው ሳምንት የንስሐ አባታችንን ፈልገን ያለንበትን ሁኔታ በግልጥ መንገርም የመንገዱ መጀመሪያ ነው።

ስለ ጉባኤ ቤቶቻችንም አደራ እንላለን። ዛሬም በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች በጎጆ ተቀምጠው የሚያስተምሩ መምህራን፣ በልመና የሚማሩ ተማሪዎች አሉ። ጉባኤው ከተፈታ በመደርደሪያችን ያለው መጽሐፍ የሚያነብበው እንጂ የሚተረጕመው አያገኝም። ለአንድ ተማሪ የዓመት ልብስና ቀለብ የሚረዳ ምእመን ከመምህር ኤስድሮስ ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ የመጣውን ገመድ በእጁ እንደ ያዘ ይቍጠር።

በጸሎት አጣርተው ያስተማሩን የአባቶቻችን በረከት አይለየን፤ ጉባኤያቸውን እስከ ዘመን ፍጻሜ ያጽናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።